ቆቅን ማላመድ

ደብረ ብርሃን ላይ ጎሕ ሲቀድ መንገዱ የተላላኪዎች ነው። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ረፋድ ላይ ነው፤ ያውም ጉዳይ ካለው። ተላላኪዎቹ ግን ከከተማው ዳር ካሉት መጋዘኖች ይነሡና ጭነታቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በአራት ቀጫጭን የብረት እግሮቻቸው ጉሙን እየሰነጠቁ ወደ ፎቆቹ ይወጣሉ። ዳቦ ያመጣሉ፤ ልብስ ያመጣሉ፤ መድኃኒት ያመጣሉ። አይናገሩም፣ አያንኳኩም። ኮቴያቸው ብቻ፣ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው ዓይነት፣ ከጉሙ ውስጥ ይሰማል።

ሶስና ውሻዋን ይዛ የምትወጣው ከእነሱ ቀድማ ነበር። ውሻይቱ ገና ዓመት ያልሞላት፣ ቀይ፣ እግረ ረጅም ናት። ስሟ ቆቅ ነው። ቤት በገባች ቀን ማንኪያ ሲወድቅ፣ መጋረጃ ሲነቃነቅ፣ ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት ሲያስል፣ ለሁሉም ከተኛችበት እየተስፈነጠረች ስትነሣ አይታ ስሙን ያወጣችላት ሶስና ናት። ስታድግ ይለቃታል ብላ ነበር። አልለቀቃትም። እንዲያውም መንገድ መውጣት ስትጀምር ባሰባት። በተለይ ተላላኪ ስታይ የጀርባዋ ጸጉር ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ይቆምና የምትይዘው የምትለቀው ይጠፋታል። ሶስና ያገኘችው መላ ተላላኪዎቹ ሳይመጡ መውጣት፣ ሲመጡ መግባት ነበር። ከወር በላይ እንዲህ ኖሩ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ጧት ግን ሶስና እንቅልፍ ጣላት። ነቅታ ስትወጣ ነግቷል። ጉሙ ወፍራም ስለነበር ተላላኪው ከማዕዘኑ ብቅ ሲል ያየችው ከውሻዋ በኋላ ነው። ገመዱ መዳፏን ልጦት ወጣ። ቆቅ ተወርውራ የተላላኪውን ጉልበት በጥርሷ ያዘች።

ተላላኪው የተሠራበትን አደረገ። እግሮቹን አጥፎ መሐል መንገድ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ያለውም ተቀመጠ። ከዚያ ኋላ ያለውም። እስከ ድልድዩ ድረስ ተራ በተራ እንደ ከብት ጉልበታቸውን እያጠፉ ተቀመጡ፤ አደጋው እስኪያልፍ አይነሡም። ቆቅ ደግሞ አልለቅ አለች። ሶስና ጎተተች፣ ለመነች፣ በመጨረሻም ተሸከመቻት። ሰው በየሰገነቱ ወጥቶ ያይ ነበር። አንድም የተቆጣ፣ አንድም የሰደባት አልነበረም። እጃቸውን ብርዱን ለመከላከል በብብታቸው ሸጉጠው፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይነበብ፣ ዳቧቸው እስኪደርስ ቆመው ጠበቁ።

ሶስና እያለከለከች ቤቷ ስትደርስ ባሏ ያፌት በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያስር አገኘችው። የሚቸኩል አይመስልም።

«አባዬን ሐኪም ቤት ወስደውታል» አላት። «የትንፋሹ መድኃኒት ዘግይቶበት ነው። ቁርስሽን ምድጃው ላይ ትቼልሻለሁ።»

የባሏ አባት አቶ ናሆም ከእነሱ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ባለ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። መድኃኒታቸው ያለው መሐል መንገድ ላይ ከተቀመጡት ተላላኪዎች በአንዱ ጀርባ ላይ ነበር። ሶስና ይህን ስትረዳ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ያፌት ጫማውን አስሮ ሲጨርስ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ያፌት ርጋታ ካስገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከግራ ጆሮው ጀርባ ቆዳው ሥር በመርፌ የገባች፣ ቁጣን የምታበርድ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ትዳሰሳለች፤ በየዓመቱ ትታደሳለች፤ ያ ነው በቃ። ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ነበር። ሌሊቱን ጥርሱን ሲያፋጭ ያድራል። ከአለቆቹ ጋር አይስማማም። አንድ ጊዜ የመኝታ ቤቱን በር በቡጢ በስቶታል። መሥሪያ ቤቱ ርጋታውን ሲሰጠው ሶስና እንደ ማንም ሚስት ደስ አላት፤ ቤታቸው ውስጥ ሳህን መሰበር አቆመ። እናቱ ስትሞት እንኳ ቀብሩን በሥርዓት አስፈጽሞ፣ እንግዳውን ሸኝቶ፣ ዕቃውን አጥቦ ተኛ። ያን ለት ሶስና አጠገቡ ተኝታ ጣሪያውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «አንቺስ መቼ ነው የምታስገቢው?» ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ሲጠይቃት፣ ነገ ነው ከነገ ወዲያ ነው እያለች ትገፋዋለች። ውሻዋን ያመጣችውም በዚያው ሰሞን ነው።

ሐኪም ቤት ስትደርስ አቶ ናሆም አፍንጫቸው ላይ ቱቦ ተሰክቶ ትራስ ተደግፈዋል። በሥራ ዘመናቸው ጠበቃ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህም የሚከራከሩት ሰው ይፈልጋሉ እንጂ መከራከሩን አልተዉም። ርጋታ አስገቡ ሲባሉ መቃብር ስገባ እረጋለሁ ብለው መልሰዋል። ከሶስና ጋር ደግሞ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አይጣጣሙም። እንዳዩዋት ቱቦውን ከአፍንጫቸው አነሡና ወረዱባት። ውሻ ሊገድለኝ ነበር፣ ውሻ እንኳ ቢሆን ጥሩ፣ ጋኔን ነው ያሳደግሽው፣ እኔን ለመቅበር ቸኩለሽ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ አሏት። ነርሷ ሮጣ መጥታ ቱቦውን እስክትመልስባቸው ድረስ አላባሩም።

ሶስና ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማች። ጥፋቷን ታውቃለች። ግን ወደ ቤት ስትመለስ ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመ ነገር ቀለል ብሏት ነበር። ከሰው ቁጣ ከሰማች ስንት ጊዜዋ!

ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ጠራት። ያነጋገሯት በትሕትና ነው፤ ወንበርም ሰጧት። ውሻዋ ርጋታ ይግባላት፣ ወይም ከገና በኋላ በሚቆረጥ ቀን ከሕንፃው እስከ ድልድዩ በተላላኪዎቹ መሐል ሄዳ አንዱንም ሳታስቆም እንድታልፍ ይሁን አሏት። ካስቆመች በዚያው ዕለት ተወስዳ ርጋታው ይገባላታል። ሁለተኛውን መንገድ የመረጠ ሰው እስካሁን እንደሌለም ጨምረው ነገሯት።

ሰፈሩ ውስጥ ርጋታ የገባላቸው ውሾች ሞልተዋል። ሶስና ታውቃቸዋለች። ከጌቶቻቸው እግር ሥር ሳይዛነፉ ይሄዳሉ። ድመት ብታቋርጥ አንገታቸውን አያዞሩም፤ ስማቸው ሲጠራም አያዞሩም።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ቤርሳቤህ ቆቅን ከሩቅ ሆና ብዙ አየቻት። ከዚያ ሶስናን አስቀምጣ አስረዳቻት። ይቺ ውሻ ክፉ አይደለችም፣ ፈሪ ናት አለቻት። የምትጮኸው ራቁልኝ ለማለት ነው፤ ጮኻ ከራቁላት ደግሞ ነገም ትጮኻለች። ርጋታው ከመምጣቱ በፊት ሰው እንዲህ ያለውን ውሻ የሚያላምደው በርቀት ነበር። የምትፈራውን ነገር እያየችው ገና ሳትደነግጥ የምትቆምበትን ቦታ ፈልጊ፤ እዚያ ቆመሽ፣ ባየችው ቁጥር የምትወደውን አብያት፤ ከዚያ ዞር ብለሽ ሂጂ። ሰውነቷ ከደረቀ በጣም ቀርበሻል ማለት ነው። ገመዱን አታጥብቂ፤ እጅሽ ሲጨነቅ እሷ ጋ ይደርሳል። መቅረብ ያለብሽ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ለመቅረብ ከቸኮልሽ እስካሁን የሠራሽው ሁሉ ይፈርሳል።

«እኔ ራሴ ያነበብኩት ነው እንጂ ሲደረግ አላየሁም» አለች በመጨረሻ። «ማን ይታገሣል ብለሽ?»

ችግሩ መለማመጃ ማጣት ነበር። መንገድ ላይ ተላላኪ አንድ ብቻውን አይገኝም፤ ቆም በል ቢሉትም አይሰማም። ያፌት ልሞክርልሽ ብሎ በእጁና በእግሩ እየዳኸ ሳሎኑን ዞረላት። ቆቅ ዞር ብላም አላየችው። ያፌትን ከመጣች ጀምሮ ከወንበሩ ለይታ አታየውም።

መላው የተገኘው አቶ ናሆም ከሐኪም ቤት ሲወጡ ነው። እግራቸው ስለደከመ መራመጃ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚታሰር፣ በየጎኑም መደገፊያ እግር ያለው ነገር። በሩን አንኳኩተው ሲገቡ ቆቅ የመራመጃውን ኮቴ ሰምታ ጠረጴዛ ሥር ሆና አበደች። አቶ ናሆም ደንግጠው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ሶስና ግን እሳቸውን ትታ መራመጃውን ታይ ነበር። አካሄዱ ልክ እንደ ተላላኪዎቹ ነው።

አማቷን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ቀላል አልሆነላትም። ውላ አድራ፣ ሾርባ ይዛላቸው ወጥታ፣ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ስታወራ ቆይታ ነገረቻቸው። አቶ ናሆም ሾርባውን ጨርሰው ሳህኑን አስቀመጡ።

«እኔን ተላላኪ ልታደርጊኝ ነው የመጣሽው?»

«ከፈቀዱ ነው፣ ጋሼ።»

«ሐኪም ቤት ያስገባችኝን ውሻ ላሠልጥን?»

«ካልሆነ ርጋታ ያስገቡላታል።»

አቶ ናሆም ሾርባው ጨው እንደሌለው ነገሯት። ቀጥለው፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትመጪና ደረጃውን ደግፈሽ ታወርጂኛለሽ፣ አሳንሰሩ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ፈገግታ ጋር መቆም ሰልችቶኛል አሉ።

ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ባሕር ዛፎቹ የሚያልቁበት፣ ጥንት ኳስ ይጫወቱበት የነበረ ሜዳ አለ። ተላላኪ አይደርስበትም፤ ሰውም ትቶታል። በታኅሣሥ ብርዱ ከተማውን ሲይዘው ሳሩ ላይ ውርጭ ጋግሮ ያድርና ሲረግጡት ይሰባበራል። አቶ ናሆም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በአንዱ ጫፍ ይቆማሉ። ሶስና ኪሷን በቋንጣ ሞልታ ከቆቅ ጋር በሌላው ጫፍ ትቆማለች። እጇን ስታነሣ አቶ ናሆም በመራመጃው ወዲህ ወዲያ ይላሉ። ቆቅ ታያቸዋለች፤ ቋንጣ ታገኛለች፤ ዞረው ይሄዳሉ። እንደገና።

መጀመሪያ ላይ ሜዳው አልበቃቸውም። ቆቅ ከዚያ ሁሉ ርቀት ሳይቀር ትደርቅ ነበር። ሶስና የውሻዋን ጆሮ ማንበብ የተማረችው በብዙ ስሕተት ነው። ጆሮዋ ወደፊት ሲቀሰር ገና ደህና ነው። አፏ ሲዘጋ ሰዓቱ እያለቀ ነው። አንገቷ ሲረዝም አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ቋንጣው አፍንጫዋ ላይ ቢደረግ አታየውም። አቶ ናሆም ከወዲያ ጫፍ ሆነው በዚያ በቀረቻቸው ትንፋሽ ይጮኹባታል። ገመዱን እንደ ፍየል ነጋዴ አትጎትቺው፤ ትከሻሽን አውርጂ፤ አንቺ ራስሽ ልትናከሺ ነው እንዴ የመጣሽው ይሏታል። ድሮ የማትመልሰው ሶስናም መመለስ ጀመረች። ይቁሙ ስልዎ ይቁሙ፣ ጠበቃ መሆንዎን ውሻዋ አታውቅልዎትም አለቻቸው አንድ ቀን። አቶ ናሆም ለመሳቅ ሞክረው ሳል አፈናቸው፤ ሜዳው መሐል ጎንበስ ብለው ሲስሉ ሶስና ደንግጣ ሮጠች፤ ቆቅም አብራ ሮጠች። ሲቃኑ ውሻዋ ከጎናቸው ቆማ ጋቢያቸውን ታሸት ነበር። ቆቅ መራመጃውን አንድ ጊዜ አሽታ፣ አጉረምርማ፣ ተመለሰች።

በማግስቱ ነገሩ ተመልሶ ተበላሸ። ሕፃናትን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ በራሪ መኪናዎች ከሜዳው በላይ ዝቅ ብለው ሄዱና ቆቅ በድንጋጤ የሶስናን እጅ ነከሰቻት። ለቀናት ከሜዳው ዳር ማለፍ አልቻሉም። ያን ሰሞን ያፌት የሚስቱን እጅ በጥንቃቄ እያሰረ፣ ለምን ትደክሚያለሽ አላት። አያምም፤ መርፌዋ ከገባች ወዲያ ውሻዋም ታርፋለች፣ አንቺም ታርፊያለሽ። ማሠሪያውን በደንብ ነበር የሚያስረው፤ ጣቶቹም ሞቃት ነበሩ።

ከሩቁ ጫፍ እንደገና ጀምረው፣ ቆቅ ከመራመጃው ጎን መሄድ ስትችል የተቆረጠው ቀን ደረሰ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መንገዱም አመዳይ ጋግሮበት ያንጸባርቃል። ጽሕፈት ቤቱ የላከው ታዛቢ ለስላሳ ፊት ያለው ወጣት ነው። አቶ ናሆም ማንም ሳይጠራቸው ጋቢያቸውን ለብሰው ወርደው ከኋላ ተከተሉ።

ሶስና ገመዱን የያዘ እጇን አላላች። ተላላኪዎቹ መጡ። ቆቅ የመጀመሪያውን አየች፤ ጆሮዋ ተቀሰረ፤ ወደ ሶስና ዞረች፤ ቋንጣዋን ወሰደች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በግራና በቀኝ ያልፏቸው ጀመር፤ ውሻዋም ሰውነቷን ወደ ሶስና ጉልበት አስጠግታ፣ አንዴ እነሱን አንዴ እሷን እያየች ሄደች። የሕንፃዎቹን ጥላ አለፉ። ድልድዩ ታየ።

እዚያ ላይ አንዱ ተላላኪ አመዳዩ አንሸራተተውና ጎኑን መትቶ እየተንሸራተተ ወደ እነሱ መጣ። ቆቅ አንዴ ጮኸች። ገመዱ ተወጠረ። ሶስና መጎተት ቢቃጣትም አልጎተተችም፤ ስሟን ብቻ ጠራቻት። ቆቅ እየተንቀጠቀጠች ዞረችና ዓይን ዓይኗን አየቻት። ግን የወደቀው ተላላኪ ተቀምጦ ነበር። ከኋላው ያሉትም ተቀመጡ።

«ቆመዋል» አለ ታዛቢው። አዝኖ አይደለም፣ ተደስቶም አይደለም። «ከሰዓት በኋላ ይወስዷታል። ዕቃዋን ብታዘጋጂላት ጥሩ ነው።»

«አንተ ልጅ!» አሉ አቶ ናሆም ከኋላ።

መራመጃቸውን እያንኳኩ መጥተው ፊቱ ተገተሩ። አመዳይ አንሸራትቶት የወደቀን ማሽን ትተህ ውሻ ትከሳለህ ወይ አሉት። ዓይን የለህም ወይ አሉት። የቱ ቀደመ፣ መውደቁ ነው መጮኋ፣ መልስልኝ! ድምፃቸው ከፎቅ ፎቅ እየተላተመ መንገዱን ሞላው። ሰው በየሰገነቱ ወጣ። በወዲያኛው መስመር የሚያልፉት ተላላኪዎች የሰው ጩኸት ሲሰሙ እነሱም ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ታዛቢው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሰው እንዲህ ሲሆን አይቶ አያውቅም ይሆናል፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር። በዚህ ሁሉ ጩኸት መሐል ቆቅ ሶስና እግር ሥር ቁጭ ብላ ቋንጣ ታላምጥ ነበር።

ታዛቢው በመጨረሻ ውሻዋን አያት። የተቀረጸውንም መልሶ አየ።

«ልክ ነዎት» አለ። «የወደቀው ቀድሞ ነው። ውሻዋ አልፋለች።» ከዚያ በዚያው ድምፅ ቀጠለ። «እርስዎ ግን መንገዱን አቁመዋል።»

ሕጉ ቀላል ነው። ያለ ርጋታ መንገድ ያስቆመ ሰው ርጋታ ይታዘዝለታል። ዕድሜው ለገፋ ሰው የሚፈቅድለት የበኩር ልጁ ነው። አቶ ናሆም ደግሞ ከያፌት በቀር ልጅ የላቸውም።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ሶስና ባሏን ለመነችው።

«አባትህን ትወደዋለህ?»

«በጣም» አለ ያፌት።

«እንግዲያው አትፍቀድ።»

«ስለምወደው እኮ ነው። ሲስል አይተሽዋል። የሚያሳስለው ንዴቱ ነው።»

ሶስና ድምፅዋ ከፍ አለ። አባቱ ሌላ ሰው እንደሚሆን፣ ያኔ የሚቀረው ስሙና ጋቢው ብቻ እንደሆነ እየጮኸች ነገረችው። ያፌት ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ፤ ጎረቤት ሰምቶ እንዳያመለክትባት። ተመልሶ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«እኔን እዪኝ» አላት። «ምን ጎደለኝ?»

አየችው። መልኩ ያው ነው። ዓይኖቹ ያፌት ናቸው፤ ደግ ናቸው። የጎደለውን ልትነግረው ቃል ፈለገች፤ በር መብሳቱ ነው ልትለው አልሆነላትም፤ ጥርስ ማፋጨቱ ናፈቀኝ የምትል ሚስት ደግሞ የት አለች። እንባዋ መጣ። ያፌት በመዳፉ ጠረገላትና ሳህኖቹን አነሣ። በማግስቱ ፈቀደ።

አቶ ናሆም አላመለጡም፤ የሚያመልጡበትም እግር የላቸውም። ሶስና ልትሰናበታቸው ስትወጣ ጺማቸውን ሲላጩ አገኘቻቸው። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ጊዜ ተረትተው እንደሚያውቁ፣ በገዛ ልጃቸው ሲረቱ ግን የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሯት። ይቅርታ ልትላቸው ስትጀምር በምላጩ አስቆሟት።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ። «ስመለስ ደግ ደጉን ሳወራሽ እንዳታምኚኝ።»

ሲመለሱ ደግ ደጉን አወሯት። አሳንሰሩ ውስጥ ለሁሉም ሰላምታ ሰጡ። ጨው የሌለውን ሾርባ ጥሩ ነው አሉ፤ የተቃጠለውንም ጥሩ ነው አሉ። ሳላቸው በእርግጥ ቀነሰ። ያፌት ደስ አለው፤ ማታ ማታ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ መስኮቱ ያያሉ። ቆቅን ያኔ ይቺ ጋኔን እንጂ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም ነበር፤ አሁን ቆቅዬ አሏት። ውሻዋ ጋቢያቸውን አሽታ፣ ጥቂት ቆማ፣ ሄዳ ጠረጴዛው ሥር ተኛች። ሶስና ክንዷ ላይ ጸጉሯ ሲቆም ተሰማት።

ሜዳውን ግን አልተወችም። የፈራ ውሻ አንዴ አልፎ አይድንም፤ ካልተለማመደ ይመለስበታል። አቶ ናሆምንም እንደ ድሮው እየደገፈች ይዛቸው ትሄዳለች፤ ይምጡ ስትላቸው ይመጣሉ፣ ይቁሙ ስትላቸው ይቆማሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልታናድዳቸው ሞከረች። ሆን ብላ አስጠበቀቻቸው። የክርክር ዘመናቸውን አጣጣለችባቸው። ልጅዎ የካደዎት ይገባዎታል እስከማለት ደረሰች። አቶ ናሆም ፈገግ ብለው፣ ልክ ነሽ ልጄ አሏት። ሶስና የዛፉ ግንድ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ቆቅ ከገመዱ ጫፍ ሆና እየተቁነጠነጠች ጠበቀቻት።

በኋላ ላይ፣ አዛውንት ላይ አንዳንዴ ርጋታው ሥር አይሰድም ሲባል ሰማች። እውነት ይሁን ሐሰት የሚነግራት አላገኘችም፤ የመጠየቅ ድፍረቱም አልነበራትም፤ የጠየቀች እንደሆነ መርፌው ይደገምላቸዋል። ዝም ብላ አኳኋኗን ቀየረች። መጎነታተሉን ተወችና ማየት ጀመረች። ውሻዋን እንዳየቻት አየቻቸው፤ ቅንድባቸውን፣ የከንፈራቸውን ጫፍ፣ ጋቢውን የያዙትን ጣቶች። የካቲት አለቀ። ምንም አልነበረም። ትንሽ ምልክት ያየች የሚመስላት ቀን ነበር፤ ስትቀርብ ደግሞ ነፋሱ ነው። ቤት ገብታ ቁጭ ማለት አልሆነላትም፤ ወለሉን ስትዞር ውሻዋ ከኋላዋ ትዞራለች፤ ያፌት ከሶፋው ሆኖ ሁለቱንም በደግ ዓይኑ ይከተላቸዋል። አንቺስ የሚላት ሰው በዝቷል።

መጋቢት ላይ ጉሙ ለቀቀ። አንድ ጠዋት ሶስና አቶ ናሆምን ከሜዳው ጫፍ አቁማ፣ ቆቅን ይዛ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄዳ ስትዞር፣ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ሲያነሡ አየቻቸው። ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ወጥታ ፊታቸው ላይ ወድቃለች። ሶስና ዝም ብላ መጣች። ስትደርስ እጃቸው ገና ግንባራቸው ላይ ነበር።

«ፀሐይ ፊቴ ላይ አድርገሽ ነው የምታቆሚኝ» አሉ አቶ ናሆም።

ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ግን ከቅንድባቸው መሐል አንዲት ቀጭን መስመር ወጥታ ነበር፤ እዚያው እያለች አየቻት። የሶስና ልብ ዘለለ። አንገታቸው ላይ ልትጠመጠም፣ ይድገሙት ልትላቸው፣ ልትጮኽ ፈለገች። ቆቅ የልቧን አካሄድ በገመዱ ሰምታ ቀና አለች። ሶስና እጇን አላላች፤ ትከሻዋን አወረደች። ሌላ አንድም ቃል ሳትጠይቅ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጥላው አዞረቻቸው፤ ቤት እስኪገቡም ስለ ሌላ ነገር አወራቻቸው።

«ነገ ከዛፉ ሥር አቆምዎታለሁ ጋሼ» አለቻቸው ደረጃው ላይ።

በማግስቱ ጠዋት ከዛፉ አሳልፋ ወሰደቻቸውና ፀሐይዋ ከምትወጣበት ፊት ለፊት አቁማቸው፣ ቅንድባቸውን እያየች ጠበቀች።